ታች የሌለው ሦስት

«ለእርሻ ልማቱ ሠራተኞች በሙሉ! በካምፕ ቁጥር ሁለት ይገኝ የነበረው የውሃ ፊስቶ ክዳን ከቦታው የተሰወረ መሆኑን የምንገልጸው በታላቅ ቁጭት ነው። ክዳኑ ክብ፣ ብረትና በአንድ በኩል የዛገ ነው። የድርጊቱ ፈጻሚዎች የምርት ዘመቻውን ለማደናቀፍ የተነሡ መሆናቸው አያጠራጥርም። ጉዳዩን የሚያጣራ ሁለት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሟል።»

ይህን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በ1979 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ መተማ አጠገብ ካለችው ኮኪት ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ እጽፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ስለሆነ እርሻው ለክዳን ሙሾ የሚሆን ብዕር አላጣም። ኮሚቴው በቅድሚያ ተቋቋመ፤ አባላቱ የተፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛው እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው፣ ሥራ አስኪያጁ ቀና ሲሉ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፍ የታየ ወጣት ሆነ፤ አዱኛ ይባላል።

አዱኛ ጎንደር ተወልዶ ሀንጋሪ አገር ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ ልጅ ነው። አገሩ እንደገባ የእርሻው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ተብሎ ተመደበ። ኮምፒውተር አልነበረም፤ ክፍልም አልነበረም፤ ኃላፊነቱ ግን ነበር። ስለዚህ ከትራክተር ጋራዡ ጥላ ሥር እየተቀመጠ፣ አዲስ አበባ ለሚገኝ ወይም ለማይገኝ ማሽን ትእዛዝ በወረቀት ላይ ሲጽፍ ይውላል። የዚያን ዕለት መጀመሪያ ስንተዋወቅ ምን እንደሚጽፍ ብጠይቀው ክፍልፋይ እየደመርኩ ነው አለኝ።

«እሱን እኮ አራተኛ ክፍል ጨርሰነዋል» አልኩት።

«አልጨረስነውም» አለ።

በማግሥቱ ማለዳ ከውሃ ቦቴው ጋር ወጣን። ሾፌሩ ሐሚድ የመተማ ዮሐንስ ልጅ ነው፤ ግማሹ ንግግሩ ከሱዳኗ ገላባት የተሻገረ ነው። ነዳጅ ስለተቀነሰበት ለየካምፑ በቀን አንድ ፊስቶ ውሃ ብቻ እንደሚያደርስ፣ ዝናቡም ካቆመ ወዲህ በአካባቢው የሚጠጣ ጭላጭ እንደሌለ መንገዱን ሙሉ ሲነግረን መጣ። ኮሚቴው ምን እንደሚያጣራ ስነግረው መሪውን ለቅቆ እጁን አማታ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ክዳኑን ነው የምትፈልጉት? ውሃውንስ ማን ፈለገው?»

ካምፑ ስንደርስ ቱቦውን ወደ ፊስቶው አስገብቶ ሞላና፣ ነገ በዚሁ ሰዓት እንደሚመለስ ነግሮን ወደሚቀጥለው ካምፕ ነዳ።

ከፊስቶው አጠገብ ረጅም ዘንግ ይዘው የቆሙ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሠራተኛው አያ ፈንቴ ይላቸዋል። የበለሳ ሰው ናቸው፤ ማሽላ መቁረጡ ሲከብዳቸው የካምፑ የውሃ ዳኛ ሆነው ተመረጡ። ዘንጉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እኩል ጭረት አውጥተውበታል። ውሃው በዘንጉ እየተለካ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን በድርሻው ጭረት ልክ ይቀነስለታል።

«እነ መንበረ፣ አሥራ አንድ» ይላሉ። እነ መንበረ ይቀዳሉ።

ከስንት አሥራ አንድ? እሱን አይናገሩም፤ የሚጠይቃቸውም የለም። ውሃው ለስንት ነፍስ እንደተከፈለ የሚናገረው ቁጥር በዚያ አገር በአፍ አይጠራም። ሰው አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። ስለዚህ ሁሉም የላይኛውን ቁጥር ብቻ ይዞ ይዞራል፤ ታችኛው በሁሉም ሆድ ውስጥ አለ ተብሎ ይታመናል። አዱኛ ግን ጭረቱን በዓይኑ ሲከተል ቆየና አርባ መሆኑን ቀስ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ።

በመጨረሻ የተጠሩት እነ ዘሩ ናቸው። ከላስታ ለማሽላ ቆረጣ ወርደው፣ ወደ ድንበሩ የነበረው ካምፕ ሲዘጋ በቅርቡ ወደዚህ የተዛወሩ ዐሥር ሰዎች ናቸው።

«እነ ዘሩ፣ ሦስት።»

ለሦስቱ ጭረት የሚሆነውን ቀድተው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ኮሚቴው ተከተላቸው።

ክዳኑን ለማግኘት ብዙ መመርመር አላስፈለገንም። ራኩባ ከሚሉት የአገዳ ዳሳቸው ጀርባ በካስማ ላይ ተደግፏል፤ ጥላው ለአንድ ሕፃን ፊት ይበቃል። ከሕፃኑ ጎን እናቱ አሰበች ጆንያ ላይ ተኝታለች። የቡድኑ ወጥ ሠሪ ናት፤ ወባ ይዟት ከንፈሯ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ማልቀሱንም ትቶታል።

«ክዳኑ የመንግሥት መሆኑን ታውቃለህ?» አልኩት የቡድኑን ካቦ ዘሩን፤ ኮሚቴ ነኝና።

«አውቃለሁ ጌታዬ። ላቡ ግን የማንም አይደለም ብለን ነው።»

ሌሊት ፊስቶው ሲቀዘቅዝ ከክዳኑ በታች ጠብታ ያልባል። እሱን ሰው ሳይነሣ በነጠላ ጠርገው ለእናትና ለልጅ ይጨምቁላቸው ኖሯል። ትናንት የሰው ኮቴ ሲሰሙ ክዳኑን እንደያዙ ሮጡ። የምርት ዘመቻው የተደናቀፈው በዚህ መንገድ ነው።

የያዝነውን ኮዳ አወጣን። በዘጠኝ አፍ ዞሮ አሰበች ዘንድ ሲደርስ አንድ ጉንጭ ቀርቶት ነበር፤ እሷም ወደ ልጁ ገፋችው።

አዱኛ ዐሥር ሰው እንዴት በሦስት ይኖራል ብሎ ዘሩን ጠየቀው።

«ድርሻችን ሦስት ነዋ። እዚያም ሦስት ነበረን።»

«ከስንት ሦስት?»

ዘሩ ግራ ቀኙን ተመለከተና አፉን በመዳፉ ከደነ። የዚያኛው ካምፕ ዘንግ ግን ነበር፤ የራኩባው ማገር አድርገውታል። አሥራ ሁለት ጭረት አለው። በዚያ ካምፕ ውሃው የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ አልነበረም፤ ቡድኑ በሚጥደው ድስት ብዛት ነበር። የእነ ዘሩ ሦስት የፊስቶው እርቦ ነበረች። እዚህ ሲመጡ ድርሻችሁ ስንት ነው ተባሉ፤ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸውና ታችኛውን ሳይጠሩ ሦስት አሉ። አያ ፈንቴም ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸውና ታችኛውን ሳይጠይቁ ከአርባው ጭረት ሦስቱን ሰጧቸው። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልሰረቀም። ሁለት ጨዋዎች ተነጋግረው አንዲት እናት በጥም ጆንያ ላይ ተኛች።

አያ ፈንቴን ከግራር ጥላ ሥር አገኘናቸው። አዱኛ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አያ ፈንቴ፣ እነ ዘሩ በጥም ሊያልቁ ነው።»

«ድርሻችሁ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ሦስት አሉኝ። ከአፋቸው የወጣውን ሰጠሁ።»

«የእነሱ ሦስት ከአሥራ ሁለት ነው። የእርስዎ ሦስት ደግሞ ከ...»

«ተው!» ዘንጉን አነሡበት። «ሰው ጥላው ሥር ተኝቷል። በላዩ ላይ ቁጥር አትጥራበት።»

አዱኛ ሀንጋሪ ቆይቶ የመጣ ነውና ይህ አጉል እምነት ነው ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። ሽማግሌው ቀደሙት።

«በሰባ ሰባት መጠለያ ገብተን ነበር፤ ከነቤተሰቤ። ስንገባ ቆጠሩን። ቆየት ብለው ደግሞ ቆጠሩን። ባለቤቴ ውባንች ከሁለተኛው ቆጠራ በኋላ ቀረች። ከሦስተኛው በኋላ ልጆቹ። በቆጠሩን ቁጥር አነስን። አንተ ያኔ ፈረንጅ አገር ነበርክ፤ አልፈርድብህም።»

እዚህ ላይ የምጨምረው ቀልድ የለኝም።

«እህሉ ሲመጣ እንዴት ብለው ይነግሯችሁ ነበር?» አለ አዱኛ በጣቱ መሬት እየጫረ።

«በድምፅ ማጉያ። ሦስት መኪና እህል ደርሷል ብለው። እኛም አጨበጨብን።»

«ለስንት ሰው?»

«እሱን አልነገሩንም።»

«ሰዉን ለብቻ ቆጠሩ፤ ያ ወደ ከተማ ሄዶ ቀረ። እህሉን ለብቻ ቆጠሩ፤ እሱ ወደ እናንተ መጣ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ቀን እንኳ አልተገናኙም። አያ ፈንቴ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ አይቆጡኝ። እነዚያን ነፍሳት የፈጃቸው መቆጠራቸው ነው ወይስ ታች የሌለው ሦስት?»

አያ ፈንቴ ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዞሩ። ተረትተው አልነበረም፤ ቁስላቸው ስለተነካ ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ብዙ የተማረ ሰው ክርክሩን የረታ መስሎት ይነሣል። አዱኛ አልተነሣም።

«ቢሆንም አልቆጥርም» አሉ ሽማግሌው።

«መቁጠር የለብዎትም።»

ከካምፑ ዕቃ ማስቀመጫ ድንኳን ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች አምጥቶ ከፊታቸው ደረደረና በሀንጋሪ የተማረውን ማስረዳት ጀመረ። እዚያ ክፍልፋይን እንደ ሁለት ቁጥር አያዩትም፤ አንድ ዕቃ ነው። ላዕሉና ታሕቱ ማለትም ላይኛውና ታችኛው ቁጥር በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ይቀመጣሉ።

«ከውጭ ያለ ሰው እጁን ሰዶ ላይኛውን ብቻ መዝዞ መሄድ አይችልም። ከዚያኛው ጋር ተደመር፣ ተቀነስ፣ ማን ይበልጣል ብሎ ሣጥኑን ማዘዝ ነው እንጂ። ሥራውን ሣጥኑ ራሱ ከውስጡ ይሠራዋል።»

«ሣጥን ይደምራል?»

«ማሽኑ ውስጥ ይደምራል። እዚህ እኔ እደምርለታለሁ።»

«እንግዲያ ሣጥኑ አንተ ነሃ» አሉ አያ ፈንቴ፤ ጥላው ሥር የተኛ የመሰለን አንድ ሰው ሳቀ።

አዱኛም ፈገግ አለ። «የብሎኬት ቅርጽ አይተው የለ? ቅርጹ አንድ ነው፤ ብሎኬቱ የፈለጉትን ያህል ነው። ደንቡን ለቅርጹ አንድ ጊዜ ካስያዙት ከውስጡ የሚወጣው ሁሉ ያንኑ ደንብ ይዞ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ማስተማር የለም።» ትምህርቱ ይህን ቅርጽ መደብ ይለዋል፤ ግን ያን ቃል በየሳምንቱ ስብሰባ እስኪያንገሸግሸን ስለምንሰማው አዱኛ ቅርጽ እያለ ነበር የሚያስረዳው።

አያ ፈንቴ ለማመን የቸኮሉ ሰው አይደሉም። አገጫቸውን በዘንጉ ላይ አስደግፈው አሰቡና ፈተና አቀረቡ።

«በጃንሆይ ጊዜ ለባለመሬቱ ሲሶ፣ ለባለበሬው እርቦ እየሰጠሁ ያረስኩ ሰው ነኝ። ሣጥንህ ለእኔ ስንት ተረፈኝ ይላል?»

«ሰነፍ ተማሪ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ጋር ይደምርና ሁለት ሰባተኛ ሰጠሁ፣ ብዙ ተረፈኝ ይላል። ሣጥኖቹ ግን አስቀድመው ታቻቸውን ያስማማሉ። ሲሶ ከአሥራ ሁለት ቁና አራት ነው፤ እርቦ ሦስት ነው። ሰባቱ ሄደ። ለእርስዎ አምስት ቀረ።»

«አምስት» አሉ አያ ፈንቴ። «ልክ ነው። ያቺን አምስት አውቃታለሁ። ሐምሌን አታሻግርም ነበር።»

«ታዲያ ሲሶ ሲሉ ሦስትን ጠሩ?»

«አልጠራሁም።»

«እርቦ ሲሉስ አራትን?»

«አልጠራሁም።»

«ሦስቱ ግን ሲሶ ውስጥ ተሸሽጎ አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሲሶ በበለሳም በመተማም ሲሶ የሆነው። ሣጥን የምልዎት ይህን ነው። አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ ቁጥሩን ሳይጠሩ አብረው ይልኩት ነበር። ታቹን ጥለን ላዩን ብቻ ይዘን መዞር የጀመርነው እኛ ነን።»

ሽማግሌው ከቆርቆሮዎቹ አንዱን አንሥተው ውስጡን አዩ፤ አሸተቱት፤ መልሰው አስቀመጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦

«ማንም አያየውም?»

«ማንም። እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ አንድ ነጭ ጠጠር በቡድኑ ቆርቆሮ ይጥላል። በካምፑ ነፍስ ሁሉ ልክ ጥቁር ጠጠር እኔ ለብቻዬ እጨምርበታለሁ። ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል። ቡድኑ ወደ ሌላ ካምፕ ቢሄድ ከነቆርቆሮው ይሄዳል። ከውጭ እጁን የሚሰድ የለም፤ ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅም የለም።»

«ከሌሎቹ ሊቀነስ ነው።»

«ከሰባት ጣሳ አንዱን እያንዳንዱ ይተዋል። እነ ዘሩ እንደ ሰው ይጠጣሉ።»

አያ ፈንቴ ተነሡ። ልብሳቸውን አራገፉ።

«ነገ ሐሚድ ሲመጣ» አሉ። «የዛሬው ተከፍሏል።»

እንዲህ ሆኖ ክርክሩ በስምምነት አለቀ። የዚህ ዓይነት ታሪክ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ብዕሩን ቢያኖር ደስ ባለው። ነገር ግን ሰው የሚያምነው ከሰዓት በኋላ ሲሆን ውሃ የሚመጣው ማለዳ ነው። ጀንበር ሳትጠልቅ አያ ፈንቴ የራሳቸውን ድርሻ በቅል ይዘው ወደ እነ ዘሩ ራኩባ ሲሄዱ አየናቸው። አሰበች መዋጥ አቅቷት ውሃው በአገጯ ላይ ፈሰሰ። ጎኗ ተቀምጠው በጣታቸው ከንፈሯን ሲያርሱላት ቆዩ። ጎሕ ሳይቀድ አረፈች። ልጁን የራሷ ጨቅላ ያላት መንበረ ወስዳ አጠባችው።

መሬቱ ደረቅ ስለሆነ መቃብሩ ጥልቅ አልሆነም። ጅብ እንዳያወጣት የፊስቶውን ክዳን አልብሰው ድንጋይ ጫኑበት። ኮሚቴው በሪፖርቱ ክዳኑ ብዙ ተፈልጎ አልተገኘም ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ማለዳ ጀምሮ በካምፕ ቁጥር ሁለት ውሃ በቆርቆሮ ሕግ ይከፈላል። ጥቅሙን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ቡድን ከቡድን ሲቀላቀል ድርሻቸው ሳይጠፋ ይደመራል። ሰው ሲመጣና ሲሄድ የሁሉም ቆርቆሮ ታች በአንድ ቀን ይታደሳል፤ ወረፋው መጨረሻ ላይ የቆመም ደረቅ ፊስቶ አይጠብቀውም። ቁጥር መጥራት የሚፈራ አይጠራም፤ መቁጠር የሚችል ይቆጥራል፤ ሁለቱም ይጠጣሉ። ነገሩ በሌሎቹ ካምፖች ሲሰማ እነሱም ቆርቆሮ ሰበሰቡ። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ይህ በአመራሩ ብልህነት የተገኘ ውጤት መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ ጻፍኩ። አንባቢዬን የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ሦስት መኪና እህል መጣ፣ መቶ ኩንታል ተመረተ፣ አሥር ሰው ተረዳ ሲሉህ ለማጨብጨብ አትቸኩል። ከስንት፣ ለስንት ብለህ ጠይቅ።

የመጀመሪያውን ማለዳ ግን ልጨርሰው። ሐሚድ ፊስቶውን ሞልቶ ቆሟል። ሰዉ ተራ በተራ እየመጣ ጠጠሩን ጣለ፤ አዱኛ ቆርቆሮዎቹን እየወሰደ ጀርባውን ሰጥቶን በልቡ ቆጠረ። የእነ ዘሩን ሲያነሣ ግን ቆም አለ። እንደገና ቆጠረ። እነ ዘሩ አሁን ዘጠኝ ናቸው፤ ነጩ ጠጠር አሥር ነው። እኔ አይቻለሁ፤ እነ ዘሩ ጥለው ሲያበቁ አያ ፈንቴ በዚያ በኩል መዳፋቸውን ጨብጠው ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ መዳፋቸው ተከፍቷል።

«አያ ፈንቴ» አለ አዱኛ ቀስ ብሎ፣ «እዚህኛው ውስጥ አንድ ትርፍ ጠጠር አለ። እርስዎ ነዎት የጨመሩት?»

አያ ፈንቴ ዘንጉን ወደ ፊስቶው አወረዱ።

«የሞተ ሰው እኮ አይጠጣም። ታሕቱ ይዛባብናል» አለ አዱኛ።

«ክዳኑን ዝጋ» አሉት። «ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም ያልከኝ አንተ ነህ።»

አዱኛ ቆርቆሮውን እንደያዘ ቆመ። ከእነ መንበረ ዳስ በኩል የአሰበች ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ። ሽማግሌው ቀና ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እነ ዘሩ፣ አሥር።»

«ምክንያቱን ብቻ ይንገሩኝ» አለ አዱኛ።

«አልናገርም» አሉ አያ ፈንቴ።